የአብዱልጀሊል ድቤ እንዴት እንደጠፋ

ሙሐሲን ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው። መካነ ሰላም ላይ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ወርዷም ቁመቷም ሁለት እርምጃ በማይሞላ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የእኔ የልብስ ስፌት መኪና ከመንገዱ ማዶ ከእርሱ ትይዩ ስለሆነች፣ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና ከራሱ አንደበት የሰማሁትን ነው።

ትውልዱ ከአቀስታ ወዲያ ካለው ብርዳም አገር ነው። በልጅነቱ ደሴ ወርዶ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ በጠራጊነት ተቀጠረ። ባለቤቱ ሙያውን አላስተማረውም፤ እንዲያውም ሲበይድ ጀርባውን ያዞርበት ነበር። ሙሐሲን መጥረጊያውን እንደያዘ በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ፣ የተጣለ ሬዲዮ እየፈታና እየገጠመ ተማረ። «ሰረቅሁት እንጂ የሰጠኝ የለም» ይላል። እኔም ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ በእነርሱው ደብተር ላይ ስለሆነ ይህ ኩራቱ ይገባኛል። ብቻውን የተማረ ሰው ያወቀውን በጥርሱ ነክሶ ያመጣው ነውና አይለቅም። ክፋቱ፣ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው በልጅነቱ አላገኘም፤ ሲሸመግል ደግሞ አይፈልግም።

በካሴቱ ዘመን ስሙ እስከ ማሻ ድረስ ይጠራ ነበር። ገበሬው ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ ይመጣል። ሙሐሲን ሳይፈታው አስቀድሞ ጆሮውን ይሰጠዋል። «የዚህ የስፒከሩ ወረቀት ተቀዷል»፣ «የዚህ ሽቦው ላልቷል» ይላል፤ ሲከፈት እንዳለው ሆኖ ይገኛል። የሚያልፈውን ሚኒባስ ሙዚቃ ሰምቶ የትኛው ስፒከር እንደተበጠሰ ከወንበሩ ሳይነሣ ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ስልክ መጣ። ከእርሱ ሱቅ ቀጥሎ እንዳልካቸው የሚባል ወጣት የስልክ ቤት ከፈተ፤ ሙሐሲን የፀሐይ መብራትና የተሰበረ ቻርጀር ጠጋኝ ሆኖ ቀረ።

«አያ ሙሐሲን! ዛሬ ስንት አስከሬን መጣልዎ?» ይላል እንዳልካቸው በየጠዋቱ፣ በመደርደሪያው ላይ የተከመሩትን አሮጌ ቴፖች እያየ።

«ያንተ ስልክ ዓመት ሳይሞላው ይገነዛል። የእኔ አስከሬን ይናገራል።»

«ከማን ጋር?»

«ጆሮ ካለው ጋር። አንተ በምን ታውቀዋለህ!»

እንዲህ እየተተራረቡ፣ ከአንድ ጀበና እየጠጡ ይውላሉ። በአንድ ነገር ብቻ ቀልድ አልነበራቸውም፤ እርሱም የአብዱልጀሊል ካሴት ነበር።

አብዱልጀሊል፣ አላህ ይርሀመው፣ ገበሬ ነበር። ነገር ግን በወዳጃ ቀን፣ ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ መንዙማ ሲባል፣ ድቤ የሚባለውን ከበሮ የሚመታው እርሱ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሆኖም ጎረቤት ነኝና ስንቱን ወዳጃ ከደጅ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ሌላው ድቤ መቺ ከጭብጨባው ጋር እኩል ይመታል። አብዱልጀሊል ግን ከሰው ትንሽ ዘግየት ብሎ የሚጥላት አንዲት ወፍራም ምት ነበረችው። ሰው ሁሉ ሊወድቅ ሲል ከሥር የምትቀበለው ትመስል ነበር። በአፉ አያዜምም፤ ንግግርም አያበዛም። ባለቤቱ ኑርጃን፣ «የእኔ ሰውዬ የሚናገረው በመዳፉ ነው» ትል ነበር።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የአብዱልጀሊል ወንድም ከጅዳ አንድ ትልቅ ቴፕ አመጣለት፤ ሁለት ሳጥን ስፒከርና ማይክራፎን ያለው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ወንዶቹ በፊተኛው፣ ሴቶቹ በጓዳው ይቀመጣሉ፣ በመካከሉ ባለው በር ላይ መጋረጃ ይወርዳል። የሴቶቹ ቅሬታ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ የሸሁ ዱዓ አይሰማንም። ስለዚህ አንዱ ሳጥን ከወንዶቹ ጋር፣ ሁለተኛው ከመጋረጃው ማዶ እንዲቀመጥ ሆነና ሙሐሲን ገመዱን እንዲዘረጋ ተጠራ። በዚያው ቀን በማይክራፎኑ አማካይነት የወዳጃውን መንዙማ በአንድ ባዶ ካሴት ቀዳው። አብዱልጀሊል በኋላ ሲሰማ ደስ አላለውም። «ድቤ ለታደመ ነው» አለና ከዚያ በኋላ እንዳይቀዳ ከለከለ። በዓለም ላይ የእርሱ ድቤ ያለበት ካሴት ያ አንዱ ብቻ ነበር።

ከሞተ በኋላ ኑርጃን ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት ስትመለስ ካሴቱን ትከፍታለች። ፎቶግራፍም የለው፣ ድምፁም የትም አልተቀዳም። ድቤው ድምፁ ሆነላት።

እንዳልካቸው ይህን ሰምቶ ሙሐሲንን፣ «ካሴቱን ያስመጡልኝና በአንድ ሰዓት ፍላሽ ላይ ልገልብጥላቸው» አለው።

«የአብዱልጀሊልን ድቤ በአንተ ቆርቆሮ አላሳልፍም። ስገለብጠው እኔ እገለብጠዋለሁ፣ በደህና ቴፕ።»

«መቼ?»

«ደህና ቴፕ ሳገኝ።»

ሦስት ዓመት እንዲህ አለ።

ባለፈው ሚያዝያ ኑርጃን ራሷ ወደ ሱቁ መጣች። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «ሙሐሲን፣ ድቤው ጠፋብኝ» አለችው።

«እንዴት ጠፋ፣ እቴ ኑርጃን?»

«ሰዎቹ አሉ። መንዙማው አለ፣ ጭብጨባው አለ። የእርሱ ድቤ የለም። ከጥር ጀምሮ ነው። ጆሮዬ ነው ብዬ ዝም ብዬ ነበር።»

ሙሐሲን ካቻቢቴውን፣ ጥጡንና አልኮሉን በከረጢት ያዘ። «አድማሴ፣ ተነሥ እንሂድ» አለኝና ሦስታችን ሄድን።

ቤቱ ተለውጧል። ብቻዋን ስለቀረች ጓዳውን የእህል ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ከመጋረጃው ማዶ የነበረውን ሳጥን ከነገመዱ አምጥታ ከሌላው ጎን፣ በአንድ ቁምሳጥን ላይ ደርድራቸዋለች። ወዳጃ የለ፣ የሚሰማ ሴት የለ፣ ለባዶ ክፍል ምን ይሠራል ብላ ነው። ይህን ያደረገችው በጥር ነው። ይህን ነግራን ነበር። ሁለታችንም ሰማናት፤ ምንም ነገር አልመሰለንም።

ሙሐሲን ድምፁን ከካሴቱ የሚያነበውን፣ ሄድ የሚሉትን የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረገ፤ ከዚያ ከፈተው። እውነትም መንዙማው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ጭብጨባውም አለ። ድቤው ግን በወንፊት ላይ የወደቀ አተር ነው የሚመስለው። ሌላ ካሴት ሞከረ፣ የቁርዓን ቂራአት፤ ድምፁ ደህና ነው፤ ለነገሩ ቂራአት ድቤ የለውም።

«ገመዱስ?» አልሁት እኔ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ይህን ገመድ የዘረጋሁት እኔ ነኝ።»

«እሱማ ነው፣ ግን አይጥ...»

«አድማሴ፣ እኔ መርፌህን እንዲህ አድርገህ ሰካ ብዬህ አውቃለሁ?»

ሙሐሲን አንዱን ሳጥን ነቅሎ ሌላውን ብቻውን ቢሰማው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላደረገውም። ካሴት ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ እንጂ ወፍራሙ አይደለም፤ ይህንንም ያውቅ እንደነበር በኋላ ራሱ ነግሮኛል። በዚያን ቀን ግን በገዛ እጁ የሠራውን ከመጠርጠር የሚያውቀውን መርሳት ቀለለው።

«ካሴቱ ነው እቴ» አላት። «ሃያ ሁለት ዓመት! ክሩ ድምፁን ተፍቷል።»

«አይድንም?»

«አይድንም።»

«ሞተ ማለት ነው?»

«ሞቷል። አላህ ያጽናዎት።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፤ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቴፑን አጠፋች።

ያደረገችውን የሰማነው ከወር በኋላ ነው። በእስላሙ ወገን ያረጀ የቁርዓን ቅጠል አይጣልም፤ የአላህ ስም ያለበት ነገር እግር እንዳይረግጠው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ኑርጃንም በካሴቱ ላይ ያለው የአላህ ስምና የነቢዩ ውዳሴ ነው አለች። የሞተ ካሴት በቤት ውስጥ ሲንከባለል የዶሮ መጫወቻ ይሆናል አለች። መጽሐፍ ሲቀበር ቅጠሉ ከቆዳው እንደሚለይ ሁሉ፣ ክሩን ከፕላስቲኩ ስባ አውጥታ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሸህ ሀቢቡላህ ወሰደችው። ሸሁ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ያረጁ ቅጠሎች በሚቀበሩበት ከወይራው ሥር፣ ጉድጓድ ምሶ ዱዓ አድርጎ ቀበረላት።

ሙሐሲን ይህን ሲሰማ፣ «ጥሩ አደረጉ» አለ።

ክረምቱ ገባ። የዘንድሮ ዝናብ ከባድ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ የኑርጃን ልጅ ባሲማ ከሳዑዲ ተመለሰች። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የመጣች፣ ነገር የማታለባብስ ሴት ናት። አንድ ቀን ስልኳን እንደያዘች ከሙሐሲን ደጅ ቆመች።

«አያ ሙሐሲን፣ የእማ ቴፕ ምን ነክቶት ነው?»

«ቴፑ ደህና ነው። ካሴቱ ነበር።»

«ምን ካሴት? እኔ ስልኬን በገመድ ሰክቼ መንዙማ ከፈትሁ። እሱም ድቤ የለውም! በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ደረት ይመታል፣ በቴፑ ሲሆን አፉን የያዙት ሰው ይመስላል።»

ሙሐሲን የያዘውን ፒንሳ አስቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት። ሙሐሲን ከመሳቢያው አንድ የባትሪ ድንጋይ አወጣና መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«አድማሴ፣ ና እይልኝ» አለኝ። አብሬው እንድሄድ ብዙ ጊዜ ጠርቶኝ ያውቃል፤ እይልኝ ብሎኝ ግን አያውቅም።

ከባሲማ ጋር ቤታቸው ስንደርስ ኑርጃን እህል ልታስፈጭ ወጥታ ነበር። ሙሐሲን የሳጥኖቹን የፊት ጨርቅ አነሣ፣ የሁለቱንም ገመድ ከቴፑ ጀርባ ነቀለ። ገመዱ ሁለት ነጭ ሽቦ ጎን ለጎን የተጣበቀበት ነው፤ መለያ ስለሌለው የፖዘቲቩን ጫፍ በክር መቋጠር ልማዱ ነው። የተቋጠረውን በድንጋዩ አናት፣ ሌላውን በቂጡ ነካ። የመጀመሪያው ሳጥን ወረቀት ጠብ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ሁለተኛውን ነካ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ።

«አየህ?» አለኝ።

«አየሁ።»

እንደገና ነካ፤ እንደገና ገባ። ሁለቱ አብረው ሲገፉ ወፍራሙ ድምፅ ይደመራል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ግን አንዱ የሰጠውን አየር ሌላው ይውጠዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ያመልጣል፣ ወፍራሙ በመካከላቸው ይቀራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ ሳጥን ከወንዶች ጋር፣ አንዱ ከሴቶች ጋር ስለነበር ሁሉም የሚሰማው የቅርቡን ነው፤ ጉድለቱን ማንም አላየውም። ሳጥኖቹ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀን ድቤውን በመካከላቸው ዋጡት።

የሁለተኛውን ሳጥን ጀርባ አዞረ። ከቀዩ ማሰሪያ ጋር መታሰር የነበረበት በክር የተቋጠረው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ታስሯል። ገመዱ በተዘረጋ ቀን ሴቶቹ አስቀድመው ከመጋረጃው ማዶ ገብተው ነበር። በወዳጃ ቀን ወንድ ወደዚያ አያልፍም፤ ሙሐሲን የገመዱን ጫፍ በመጋረጃው ላይ አሳልፎ ሰጠና፣ «የተቋጠረውን ከቀዩ ጋር!» ብሎ ጮኸ። «ጨረሱ?» አለ። «ጨርሻለሁ!» የሚል ድምፅ ተመለሰለት። የማን ድምፅ እንደነበረ ያውቃል። ሰው ሲበተን ገብቶ ማየት ይችል ነበር፤ አልገባም።

ሽቦዎቹን አቀያየረ። ባሲማ ስልኳን ከፈተች። ድቤው ከመሬቱ ተነሥቶ በእግሬ ገባ፤ በቁምሳጥኑ ውስጥ ያለው ስኒ ተንቀጫቀጨ። ዞር ስንል ኑርጃን ከበሩ ላይ ቆማ አየናት። የዱቄቱን ከረጢት አላወረደችም።

«የማን ድቤ ነው?»

«የሌላ ሰው ነው እማ፣ ከስልክ ነው» አለች ባሲማ።

«አሁን ለምን ተሰማ?»

ሙሐሲን ተነሥቶ ቆመ። «እቴ፣ ገመዱ ተገላብጦ ነው። እኔ ነኝ። ስዘረጋው መካከል ላይ የቀጠልሁት...»

«መካከል ላይ ቅጥያ የለውም» አለች። ለሃያ ሁለት ዓመት ስትጠርገው የኖረችው ገመድ ነው። «ያንን ጫፍ ያሰርሁት እኔ ነኝ። የተቋጠረውን ከቀዩ አልኸኝ። ጨለማ ነበር፣ ቀይና ጥቁር አልለየሁም። ሴቶቹ ኤሌክትሪክ ሊይዝሽ ነው እያሉ ሳቁብኝ፤ ቶሎ አስሬ ጨርሻለሁ አልሁ።»

«ያላየሁትን ሥራ ጨረስሁ ብዬ የሄድሁት እኔ ነኝ። ሞተ ያልሁዎትም እኔ ነኝ።»

ከረጢቱን አወረደች። «በሚያዝያ ድቤው ነበረ?»

«ነበረ።»

«ካሴቱ ላይ?»

«ካሴቱ ላይ።»

«እንግዲያ በቁሙ ቀበርሁት በለኛ» አለች። ባሲማ እጇን ልትይዛት ስትል ኑርጃን እጇን ሳበች።

በማግስቱ ጠዋት ከወይራው ሥር ሦስት ሰው ሆነን ነበርን፤ ሸህ ሀቢቡላህ፣ ሙሐሲንና እኔ። ሸሁ መጀመሪያ አልፈለገም። ለአላህ የተሰጠ አይመለስም አለ። ኋላ የሙሐሲንን ፊት አየና ዶማውን ራሱ ያዘ። ክረምቱን የጠጣው መሬት ገና አልደረቀም ነበር፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አቁሯል። ጨርቁ ጭቃ መስሏል። ሙሐሲን በቁምጣው ተንበርክኮ ክሩን አወጣ። እንደ ተጠላለፈ ፀጉር ሆኗል። አንዱን ጫፍ ፈልጎ አገኘና በአውራ ጣቱና በጠቋሚው መካከል ቀስ አድርጎ ሳበው። ቡናማው ቀለም ሁሉ በጣቱ ላይ ቀረ፤ ክሩ እንደ መስኮት ላስቲክ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሌላ ቦታ ሞከረ። እዚያም ያው ነው። ሦስተኛ ቦታ ሞከረ።

«ድምፁ ያለው ቀለሙ ላይ ነው» አለን፣ ማንንም ሳያይ።

«ሙሐሲን፣ ተወው» አለ ሸሁ።

ክሩን መለሰው። ሸሁ በማንቆርቆሪያ ውሃ አመጣ፤ የእጁ እጣቢ ወደ ሌላ እንዳይፈስ ጉድጓዱ ላይ አስታጠበው፤ ከዚያ አፈሩን መለስን።

ለኑርጃን የነገራት ራሱ ነው። «ምንም?» አለችው። «ምንም» አላት። ከዚያ ማንም ያላሰበውን ጠየቃት። አብዱልጀሊል የሚመታውን ምት ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በመዳፏ ብትመታው በባሲማ ስልክ ይቀዳል፤ ሌላ ድቤ መቺም ከእርሷ ይማረዋል አለ። ሲለምን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ለመነ።

ኑርጃን ከቁምሳጥኑ ፊት ተቀመጠች። ባሲማ ስልኩን አስጠጋች። ኑርጃን መዳፏን በእንጨቱ ላይ አሳረፈች፤ አንድ ጊዜ መታች፣ ቆየች፣ ሁለተኛ መታች። ምቱ ከጭብጨባ ጋር እኩል የሚሄድ ተራ ምት ነበር። ራሷም ሰማችው። እንደገና ጀመረች፤ ያችን የምትዘገየውን ምት ለመጣል እጇን አነሣች፣ እጇም በአየር ላይ ቀረ።

«ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለ እርሱ ስሰማው ከረምሁ» አለች። «አሁን በጆሮዬ ያለው እርሱ የሌለበት ያኛው ነው።»

ባሲማ ስልኩን አጠፋችው።